የእማሆይ ወስፌ

በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ የልጄ የዳይፐር ቦርሳ የፍተሻ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ አልወጣ አለ። ስክሪኑን የምታየው ልጅ ወደ ኋላ መለሰችው፣ ወደ ፊት ገፋችው፣ ደግማ መለሰችው። ጓንት ያጠለቀች ሌላ ፈታሽ መጥታ ቦርሳውን ከፈተች። ጡጦ፣ ቅያሪ ልብስ፣ እርጥብ ሶፍት፣ የአምስት ወር ልጅ ኮተት ሁሉ ተራ በተራ ወጥቶ ሲያልቅ ከሥሩ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ተገኘ። ስትፈታው ወስፌ ነው። እጀታው ወይራ፣ ብረቱ በስንት ዘመን ስፌት ሳስቶ ሳስቶ መርፌ ለመሆን ትንሽ የቀረው።

"እህቴ፣ ይሄ የማን ነው?"

እኔም ገና ማየቴ ነበር። የማን እንደሆነ ግን ወዲያው አወቅሁ፤ ሞሰብ ሲሰፉበት እያየሁ ነው ያደግሁት። ፈታሿ ወስፌውን አየች፣ እቅፌ ላይ የተኛችውን ልጅ አየች፣ "አያት ናቸው አይደል?" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "የኛ ቤት መቀስ ነበር፤ ትራስ ሥር።" ሣቀች። ወስፌውን ግን ከጥፍር መቁረጫና ከሽቶ ጠርሙሱ ጋር ሣጥን ውስጥ ጣለችው።

እማሆይ የእናቴ እናት ናቸው። ባላቸው ካረፉ በኋላ ቆብ ደፉ፤ ከዚያ ወዲህ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። የልጅ ልጃቸውን ልጅ ሊያዩ ከገበዝ ማርያም አዲስ አበባ መጥተው እኛ ቤት ሦስት ሳምንት ተቀምጠው ነበር። አንድ ማታ ቡና ተፈልቶ ሳለ፣ ባለቤቴ ፈቃድ ስለወጣ ለስድስት ቀን ዱባይ እንደምንሄድ ነገርኳቸው።

"ማን ታሞ ነው?" አሉኝ።

ማንም አልታመመም አልኳቸው።

"ማን ሞቶ ነው ታዲያ?"

"ማንም አልሞተም እማሆይ። ልንዝናና ነው።"

ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ሕፃን ይዞ ባሕር የሚያሻግር ምን መጣ ልጄ?"

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄያቸው ከአላዋቂነት የመጣ አይምሰላችሁ። በእርሳቸው አገር ሕፃን ታዝሎ የሚወጣበት ምክንያት ተቆጥሮ ያልቃል፦ ክርስትና፣ ጠበል፣ ገበያ፣ ለቅሶ፣ ዘመቻ፣ ስደት። "መዝናናት" የሚባል በዚህ ውስጥ የለም። አለ ከተባለም አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም ማንም በዚያ ስም አይጠራውም። እመለስበታለሁ።

ገበዝ ማርያም የቋሪት ወረዳ ከተማ ናት፤ ከፍኖተ ሰላም በላይ፣ የግሽ ዓባይ አገር የሰከላ ጎረቤት። አገራችን ደጋ ስለሆነች ወደ ፍኖተ ሰላም "እንወርዳለን" እንጂ "እንሄዳለን" አንልም። ፍኖተ ሰላም ድሮ ወጀት ነበረች። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው፣ በጎጃም አድርገው ወደ ዋና ከተማቸው ሲመለሱ ባለፉበት መንገድ ነው "የሰላም ጎዳና" የተባለችው ይባላል። ሰውየው የሚመለሱት ደግሞ ባዝ ከምትባል የእንግሊዝ ከተማ ነበር፤ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ጭምር በስደት ከኖሩባት። ንጉሥም ቢሆን ሕፃን ይዞ ባሕር የተሻገረው ወዶ አይደለም።

በእማሆይ አገር ሕፃን ከቤት የሚወጣበት ቀን በወላጅ ፈቃድ አይወሰንም። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች፤ መሠረቱ ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ነው። እስከዚያ እናትየዋም ቤተ ክርስቲያን አትገባም። ስለዚህ የሕፃኑ የመጀመሪያ መንገድ መድረሻው የታወቀ ነው፤ ሴት ከሆነች በክርስትና እናቷ፣ ወንድ ከሆነ በክርስትና አባቱ እቅፍ ይገባል፣ ማተቡን አስሮ ይወጣል። አሁን ብዙ አየር መንገዶች ከተወለደ 7 ቀን የሞላውን ልጅ ይቀበላሉ። ይህን ለእማሆይ አልነገርኳቸውም።

አራስ ከደጅ ስትወጣ ብረት ትይዛለች። ማጭድ ይሁን ቢላ፣ ወስፌ ይሁን መርፌ ለውጥ የለውም፤ ክፉ መንፈስ ብረት ይፈራል ነው ነገሩ። ሕፃኑ አንገት ላይ ክታብ፣ መታቀፊያው ጫፍ ላይ ጤና አዳም ይታሰራል። በቀትር ውሃ አይሻገሩበትም፤ በዚያ ሰዓት ወንዝ ዳር ማን እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። እኔ በዚህ አላምንም። ነገር ግን ሕፃን ይዞ በቀትር ፀሐይ ቆላ መንገድ አለመሄድ፣ የሞላ ወንዝ ዳር አለመቆም፣ ባዶ እጅ አለመውጣት በማንኛውም ሐኪም ዘንድ የሚያስመሰግን ምክር ነው። ጋኔኑ ባይኖርም ትእዛዙ ልጅ አትርፏል።

ጉዟችን የገጠመው ደግሞ በወርኀ ጽጌ ነው። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ቤተ ክርስቲያን የእመቤታችንን ስደት ታስባለች፤ ኅዳር 6 ቁስቋም ሲሆን ስደቱ ያበቃል። እማሆይ የፈቃድ ጾም መሆኑን እያወቁ አንድም ዓመት አልገደፉትም። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ይኸው ነው፤ እናት፣ ሕፃን፣ ዮሴፍ፣ ሰሎሜ፣ መንገድ። የጣና ቂርቆስ ሰዎች እንደሚሉት እመቤታችን ልጇን ይዛ እዚያች ደሴት ድረስ መጥታ አርፋለች። እንግዲህ በትውፊታችን ሕፃን ይዞ አገር ማቋረጥ አዲስ አይደለም፤ እንዲያውም ቅዱስ ነው። እኔም ይህንን ለመከራከሪያ አነሣሁት።

"ሄዳለች እንጂ" አሉ እማሆይ። "ሄሮድስ አባሯት። አንቺን ማን አባረረሽ?"

አሁን ወዳልኩት አንድ ምክንያት ልመለስ። በእኛ አገር ሴት የበኩር ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ሄዳ ነው። ሰባት ስምንት ወሯ ሲገባ ወንድሟ ወይም አባቷ ይመጣና ይወስዳታል። ከዚያ የሚሆነውን እማሆይ ሲያወሩት ድምፃቸው ይለወጣል። ከአማቷ ቤት ወጥታለች፤ ውሃ አትቀዳም፣ አትፈጭም፣ እንጀራ አትጋግርም። ምጡ ሲመጣ ሴቶቹ ማርያም ማርያም እያሉ ያድራሉ፤ ስትገላገል "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ተብላ ትተኛለች። ገንፎው መሐሉ ተቦርቡሮ ቅቤና በርበሬ ይሞላበታል፣ አጥሚቱ ይቀርባል፣ ጎረቤት እየገባ "እስቲ ትንሽ ቅመሽ" ይላታል። ሌሊት ልጅ ሲያለቅስ የምትነሣው እናቷ ናት። "ከተዳርኩ ወዲህ ጠግቤ የተኛሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው" አሉኝ እማሆይ። ባል በግ እየጎተተ፣ ቅቤ አስይዞ ይመጣል፤ እንደ እንግዳ ተቀምጦ፣ አጎንብሶ በልቶ ይመለሳል። አማቶቹ ፊት የሚቀመጥበትን አቀማመጥ ሲያስመስሉልኝ እንባ እስኪመጣኝ ሣቅሁ።

ይህን ማር ብቻ አድርጌ ላቅርበው አልፈልግም። እዚያ አልጋ ላይ የምትተኛው አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ልጅ ነበረች። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. የጋብቻ ዕድሜን 18 ያደረገው የእማሆይ የልጅ ልጆች ለአቅመ ሔዋን ከደረሱ በኋላ ነው፤ እማሆይ ራሳቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን ሲወልዱ ዕድሜያቸውን የሚቆጥር አልነበረም። ከእናቷ ቤት በሕይወት ያልተመለሰችም ብዙ ናት። ቢሆንም የጎጃም ገጠር ሴት በዕድሜዋ አንዴ ፈቃድ ወጥታ ነበር ከተባለ ፈቃዷ ያ ነው፤ የሰጣትም ሕፃኑ ነው። እኛ ልጅ ከወለድን ወዲህ ዕረፍት አጣን እንላለን። እርሷ ዕረፍት ያገኘችው ስለወለደች ነበር።

ታርሳ ስትመለስ ልጇን የምታዝለው በአዲስ አንቀልባ ነው። እማሆይ ለልጄ ያመጡት አንቀልባ አሁንም ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለ፤ ሳወጣው ክፍሉ በቆዳና በቅቤ ሽታ ይሞላል። የፍየል ቆዳ ነው። ፀጉሩ ተፍቆ፣ ቅቤ እየጠጣ ለፍቶ ለፍቶ እንደ ጨርቅ የሚታጠፍ ሆኗል። ጠፍሮቹ በትከሻና በብብት ሥር ዞረው ደረት ላይ ይገናኛሉ፤ የሕፃኑን መቀመጫ የሚይዘው ወገብ አካባቢ ሰፋ ብሎ ተሰፍቷል። ጀርባው ላይ በሦስት ረድፍ ዛጎል፣ በዛጎሉ መሐል ቀይና ሰማያዊ ጨሌ ተደርድሯል። ከታች በኩል አንድ ዛጎል ወልቆ ቀዳዳው ብቻ ቀርቷል፤ የእናቴ ጥርስ ነው ይላሉ።

ዛጎል የባሕር ነው። ከቀይ ባሕርና ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ፣ በነጋዴ ጫንቃና በአህያ ጀርባ፣ አሞሌና ቡና ይለዋወጡባቸው በነበሩ እንደ ባሶና ቡሬ ባሉ ገበያዎች በኩል ወደ ጎጃም ደጋ ይወጣ ነበር። ባሕር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው በሌለበት መንደር ሕፃናቱ ባሕሩን ጀርባቸው ላይ ይዘው አደጉ።

ሌላም ነገር አለ። አንቀልባውን የሚሠራው ፋቂ ነው። ፋቂ፣ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ በአገራችን "ቡዳ" እየተባሉ ከማኅበር ሲገለሉ፣ ከመንደር ዳር ሲሰፍሩ የኖሩ ናቸው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ቢያወጡም ስድቡ አዋጁን ሳይሰማ ቀጠለ። እናት ልጇን ከቡዳ ዓይን ለመሸፈን ክታብ ታስራለች፣ ጤና አዳም ትሰካለች፣ ከዚያ ቡዳ የምትለው ሰው በእጁ ፍቆ፣ በእጁ ሰፍቶ የሰጣት ቆዳ ውስጥ ትከተዋለች። ይህንን ለእማሆይ ብላቸው ዝም ብለው ቆዩና "እሱስ እውነትሽን ነው፤ አንድም ልጅ ያን አዝለነው አልታመመብንም" አሉ። ለእኔ ይህ ከአዋጁ በላይ ነው።

ጨካኙ መንገድ ዘመቻ ነበር። የድሮ ጦር ሲንቀሳቀስ ወንዱ ብቻ አይሄድም፤ ስንቅ የምትሸከም፣ የምትጋግር፣ ጋን የምታዝል ሴት ትከተላለች፣ ልጅም አብሮ ይታዘላል። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊት በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ የወጣው በዚህ ሥርዓት ነው። የጣሊያን ጊዜ ደግሞ ዘመቻው ራሱ ቤት ድረስ መጣ። በ1930 ዓ.ም. እነ መንገሻ ጀምበሬና እነ በላይ ዘለቀ ጎጃምን ከዳር እስከ ዳር ሲያስነሡ እማሆይ ጡት የሚጠቡ ሕፃን ነበሩ። እናታቸው አዝለዋቸው ገደል ወረዱ። ዋሻ ውስጥ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ፤ ከላይ ኮቴ ሲሰማ የእማሆይ እናት ሕፃኗ እንዳታለቅስ ጡታቸውን አፏ ላይ ደፍነው ያዙ። "ልትገድለኝ ትንሽ ቀርቷት ነበር" ይላሉ እማሆይ፣ እንደ ቀልድ። "ሲያልፉ ባየችኝ ጊዜ ከንፈሬ ጠቁሮ ነበር አለችኝ።"

ሕፃን ይዞ ባሕር የሚያሻግር ምን መጣ ብለው የጠየቁኝ እኚህ ሴት ናቸው።

እኔም ብሆን የመጀመሪያ ረጅም መንገዴን የሄድኩት ታምሜ ነው። በ1977 ዓ.ም.፣ ዘጠኝ ወሬ፣ ዓይኔ መግል ይዞ። እናቴ አንቀልባውን በነጠላ ደርባ ከፍኖተ ሰላም በሌሊት አውቶቡስ ተሳፈረች። አዲስ አበባ ወደ 390 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደጀን፣ ከዚያ ዓባይ በረሃ። አሁን ጃፓን የረዳችበት የሕዳሴ ድልድይ አለ፤ ያኔ ያረጀው ድልድይ ላይ ነበር የሚታለፈው። ከደጀን አፋፍ እስከ ወንዙ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። አውቶቡሱ በየመታጠፊያው ሲያቃስት ሰው ሎሚ እያሸተተ፣ በፌስታል እያስመለሰ ይወርዳል። እኔ ጩኸቴን ለቀቅሁት። ጎኗ የተቀመጡ ሴትዮ "አጥቢያት፤ ጆሮዋ ነው የተደፈነው" አሏት። ጡት ስታጎርሰኝ ዝም አልኩ። ሴትዮዋ የሚያውቁት ጉዳይ ዛሬ የአየር መንገድ ሠራተኞች ለእናቶች የሚሰጡት ምክር ነው፤ ሕፃን ሲውጥ ጆሮው ይከፈታል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስደስተኝ ነገር ልናገር። የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጡ ያለው አየር ቢበዛ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ሆኖ ነው የሚጠበቀው። ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የእኛ ልጅ ከቦሌ ስትነሣ ለጆሮዋ ምንም አዲስ ነገር አልደረሰባትም፤ ተኝታ ነበር። የጮኸችው ዱባይ ባሕር ጠለል ላይ ስንወርድ ነው። የደጋ ልጅ ሰማይ አይከብዳትም፤ ቆላ ነው የሚከብዳት። እኔም እንደ እናቴ ጡት አጎረስኳት።

የፈረንጅ ሕፃን ማዘያ አንድ ጓደኛዬ ሰጥታኝ ነበር፤ ቆንጆ ነው፣ ማሰሪያው ጠቅ ይላል። ታሪኩን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። አን ሙር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰላም ጓድ ቶጎ ሄዳ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ሲውሉ አየች፤ አገሯ ተመልሳ የራሷን ልጅ እንደዚያ ለማዘል የሠራችው ነገር ነው ለፈረንጅ ገበያ በር የከፈተው። የሚታጠፈውን ጋሪ ደግሞ በ1965 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈው ኦወን ማክላረን የሚባል እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነው፤ የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላን እግር ሲሠራ የነበረ ሰው። ሁለቱንም ይዘን ሄድን። ልጄ ግን ጋሪው ላይ ባስቀመጥናት ቁጥር እንደ ቀስት ተወጥራ ትጮኻለች። በሁለተኛው ቀን ባለቤቴ "አይያዝ" ብሎኝ በግድ የከተትኩትን አንቀልባ ከሻንጣ አወጣሁ። ጠፍሩን ስስብ ዝም አለች።

እንዲህ ሆኜ፣ ዛጎሉ ጀርባዬ ላይ እየተንኳኳ፣ ከዱባይ የገበያ አዳራሾች በአንዱ የዓሣዎቹን መስታወት እያየሁ ቆሜ ሳለ ከኋላዬ "አንቀልባ! እናቴን!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ዞርኩ። ጥቁር ልብስና ሻርፕ ያደረገች፣ የሰው ልጅ ጋሪ የምትገፋ ልጅ ናት። ከሃያ አምስት አይበልጣትም።

"የት ነው አገርሽ እታለም?"

"ቋሪት።"

"በማርያም! እኔ እኮ የቡሬ ልጅ ነኝ።" ጋሪውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው ዛጎሎቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ ወልቆ የቀረው ቀዳዳ ላይ ጣቷ ቆመ። አሠሪዎቿ እታች ፎቅ ናቸው አለችኝ፤ አሥር ደቂቃ አላት። ወንድ ልጅ አላት። ስትመጣ ሰባት ወሩ ነበር፤ አሁን አራት ዓመቱ ነው። ከእናቷ ጋር ነው፤ በስልክ "እቴ" ይላታል፣ እማ የሚላት አያቱን ነው። ስትናገር አላለቀሰችም።

መንግሥት በ2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ዓረብ አገር መሄድን አግዶ፣ በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 923 መልሶ ሥርዓት ሊያበጅለት ሞክሯል። ጉዞው በመሐሉም አልቆመም። የእማሆይ ዝርዝር ውስጥ ያልነበረ አዲስ ምክንያት ይኸው ነው፤ በዚህኛው ግን ሕፃኑ አይታዘልም። ለሕፃኑ ሲባል ሕፃኑ ይቀራል።

"እስቲ ላንዳፍታ ልዘላት" አለችኝ።

አወረድኩና ሰጠኋት። ጎንበስ ብላ ጀርባዋን አዘጋጀች፣ ልጅቷን በአንድ እጇ ደግፋ በሌላው ጠፍሩን አዞረች፣ ሳታይ አሠረች። ለእኔ ያን ማሰር ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ከዚያ ከእግር ወደ እግር እየተወዛወዘች እሹሩሩ አለቻት። የአሠሪዋ ልጅ ጋሪው ላይ ሆኖ ጣቱን እየጠባ ያያታል። አሥሩ ደቂቃ ሳይሞላ ስልኳ ጮኸ፤ ፈትታ መለሰችልኝ፣ ሻርፗን አስተካክላ ጋሪዋን እየገፋች ወደ አሳንሰሩ ሄደች። ስሟን አልጠየቅኋትም።

አዲስ አበባ በገባን በማግስቱ ገበዝ ማርያም ደወልኩ። እማሆይ ስልክ ሲያወሩ ይጮኻሉ፤ ቋሪትና ቦሌ ተራራ ለተራራ እየተጠራሩ ይመስላቸዋል።

"ገባችሁ? ልጅቷስ?"

"ደኅና ናት እማሆይ። ጥርስ እያወጣች ነው።"

"ባሕሩን በስንት ሰዓት ነው የተሻገራችሁት?"

ልዋሽ አሰብኩ። "ስድስት ሰዓት ግድም" አልኩ።

"በቀትር!" ዝምታ ሆነ። ከኋላቸው ዶሮ ይጮኻል። "ወስፌዋ አብራት ነበረች አይደል?"

"ፍተሻ ላይ ወሰዱብኝ እማሆይ። ብረት አያሳልፉም።"

በጣም የሚቆጡ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አደረግሁ።

"አይ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት" አሉ። "ትልቅ ነገር አደረግሁባችሁ። ለሌላ ጊዜ መርፌ ነው የምልክልሽ፤ ቀሚሷ ጫፍ ላይ ትሰፊላታለሽ።"